ቡሉኮ ያለበስነው ተራራ

በረዶውን የምናለብሰው በግንቦት ነበር፤ የምንገፈው በመስከረም። በመካከል ያሉትን ወራት ስናጸዳው እንከርማለን። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሳንባችን ይለካል። ከዚያ ነጭ ቱታ፣ ነጭ ጓንትና ነጭ ኮፍያ ይሰጠናል፤ ጫማችንን አውልቀን ወፍራም ካልሲ እናጠልቅና ቡሉኮው ላይ በረድፍ እንንበረከካለን። ቡሉኮ ያልነው እኛ ነን፤ ድርጅቱ ሌላ ስም ነበረው። ጨርቁ ነጭ ነው፣ ውፍረቱ ሁለት ጣት፣ ስፋቱ ከመሐል ሜዳ ከተማ ይበልጣል። ያንን ሁሉ በብሩሽ አቧራውን እናነሣለን፤ የሞተ ዝንብ ካገኘን በወረንጦ ለቅመን ከረጢት ውስጥ እንጨምራለን። መትፋት ክልክል ነው። ጥቁር ነገር ይዞ መውጣት ክልክል ነው። ፂም ያለው ሰው ፂሙን በመረብ ይሸፍናል።

የፂሙ ነገር መጀመሪያ አስቆን ነበር። አንድ ቀን ግን ቡሉኮው የተቀደደበት ቦታ ላይ ከአብሮ አደጌ ከጥላዬ ፂም አንዲት ፀጉር ወደቀች። ጠዋት ነው፤ በረዶው ላይ ተጋድማ አየኋት። ለምሳ ስንነሣ ስመለከት የለችም፤ የጋለ መርፌ ቅቤ ላይ እንደተጣለ ያህል በስታ ገብታለች፤ የቀረው ቀጭን ቀዳዳ ነው፤ በቀዳዳው ውስጥ ውሃ። ጥቁር ነገር ፀሐይ ይስባል፤ ፀሐይ የሳበ በረዶውን ይበላል። ይህን ማንም አላስተማረኝም፣ ያቺው ፀጉር ናት ያስተማረችኝ። ምነው ባላስተማረችኝ።

ልጆቼ፣ ይህን የምጽፍላችሁ ዘንድሮም መልማዮቹ ወደ መንዝ መጥተዋል ሲባል ስለሰማሁ ነው። አትሂዱ አልላችሁም። እኔም ሄጃለሁ፤ በዚያ ገንዘብ ነው ቤቴ ቆርቆሮ የለበሰው። የማውቀውን ሳልነግራችሁ ብትሄዱ ግን እንቅልፍ አይወስደኝም። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ያበቃ ነው፤ ስህተት ብታገኙ እያረማችሁ አንብቡ።

የሄድነው በሁለት ሺህ ሰባ ሁለት ዓመተ ምሕረት ነው። አባቶቻችን ወደ ዓረብ አገር ሲሄዱ የሚፈለገው ጉልበታቸው ነበር። እኛ ጋ የመጡት ሰዎች ጉልበታችንን አላዩም፤ ቱቦ አምጥተው «ንፉ» አሉን። ከፍ ያለ ደጋ ላይ ተወልዶ ያደገ ሰው እዚያ ተራራ ላይ አያዞረውም ተብሎ ነው። ጥላዬ ቱቦውን ነፍቶ ሲመለስ «ሰማንያ ዓመት ሙሉ ቤተሰባችን ያለ ጥቅም ሲተነፍስ ኖረ» አለ። ስምንታችንም አለፍን። ሁላችንም ከአንድ ቀበሌ ነን።

እኔን ያስወጣኝ ሌላ ነገር ነው። የውሃ አባት ነበርኩ። አባቴም የውሃ አባት ነበር፤ ከእርሱ ወደ እኔ አለፈ። ወንዙን ጠልፎ ቦይ ማስገባት፣ ለየማሳው ተራ መስጠት፣ ተራው ሲያልቅ ቦዩን በሣር ጓል መድፈን ነው ሥራው። በእኛ ዘንድ ውሃ ከግርጌ ይጀምራል፤ ከሁሉም በታች ያለው ማሳ ቀድሞ ይጠጣል። ከራስጌ ከተጀመረ ግርጌ አይደርስማ። የውሃ አባቱ የራሱን ማሳ የሚያጠጣው ሁሉም ከጠጣ በኋላ ነው። አንድ ሌላም አለ፤ ውሃ ሊለምን የመጣን ሰው ባዶ እጁን አይመልስም። ግማሽ ተራም ቢሆን ይሰጠዋል። ወንዛችን ከጥር በኋላ መድረቅ ሲጀምር ግን የምሰጠው አጣሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ዱላዬን ይዤ ደረቅ ቦይ ዳር ተቀመጥኩ። ሰው ሲያየኝ ሰላምታ እየሰጠኝ ያልፋል እንጂ ተራ አይጠይቀኝም። አራተኛው ዓመት ላይ ቱቦውን ነፋሁ።

የወሰዱን ፓሚር የሚባል ተራራ ላይ ነው፣ በእስያ መካከል። የእኛ የበረዶ ግግር ስም የለውም፤ ቁጥር ሠላሳ አንድ ይባላል። በመጀመሪያው ቀን አዳራሽ ሰብስበው ካርታ አሳዩን። በሸለቆው ዙሪያ ቁጥር የተጻፈባቸው ሌሎች አሥራ አንድ ቦታዎች ነበሩ፤ ሁሉም በቀይ ተሰርዘዋል። የቀረው እኛ የምናለብሰው ብቻ ነው። እንዲሁ ቢተው በአሥራ አምስት ዓመት ያልቃል፤ ከለበሰ ስልሳ ዓመት ይቆያል ተባልን። ሜዳው ላይ ያሉት ትልልቅ ከተሞች ለልጅ ልጆቻቸው የሚያቆዩት ጎተራ ነው። እውነቴን ነው፣ ልቤ ሞላ። ከደረቅ ቦይ ዳር ተነሥቼ የአንድ አገር ጎተራ ጠባቂ ሆንኩ አልኩ።

ሥራው ከባድ አልነበረም። ከባዱ ዝምታው ነው፤ ነጭ ላይ ነጭ ለብሰው ሲውሉ ሰው ይጠፋል። ጥላዬ ምሳ ሰዓት ላይ ስምንታችንን አንድ ሁለት እያለ ይቆጥረን ነበር፤ ቀልድ ነው ይላል እንጂ አንድም ቀን ሳይቆጥር አልቀረም።

እየቆየን ስንሄድ ደስ የማይሉ ነገሮች አየን። ቡሉኮው ከሦስት ክረምት በላይ አይቆይም፤ ፀሐይ ያደቀዋል። ሲደቅ ብናኝ ይረግፋል፤ ብናኙ ከሚቀልጠው ውሃ ጋር ይወርዳል። እረፍት ቀን ወንዝ ዳር ስንወርድ ድንጋዮቹ ሸረሪት ያደራባቸው መስለው በነጭ ክር ተሸፍነው እናያለን። ያረጀው ቡሉኮ የሚጣልበት ከግግሩ ማዶ አንድ ሸለቆ አለ። ስንደርስ ግማሹ ሞልቶ ነበር፤ በሁለተኛው ዓመት አፉ ደረሰ። አዲሱን የሚያመጡት አውሮፕላኖች በቀን ስድስት ጊዜ ይመላለሳሉ። ጥላዬ የአለቃችንን ፊት እያየ፣ ይሄ ሁሉ ጭስ የሚወጣው በረዶው እንዳይሞቀው ነው አይደል ብሎ ጠየቀ።

አለቃችን ሶልያና ትባላለች፣ የደብረ ብርሃን ልጅ፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላት መሐንዲስ። ቅን ልጅ ናት። ሳንባችን ሲለካ ቁጥሩ ዝቅ ያለበትን ሰው «ዛሬ ወጥ ቤት ያግዝ» ብላ ታስቀረዋለች፤ ደሞዙን አትነካም። ሥራዋ የበረዶውን ውስጥ ማዳመጥ ነበር። ቀን ቀን በየቦታው የተተከሉ ዘንጎች ላይ ጆሮዋን የምታሳርፍ ይመስል ጎንበስ ብላ ቁጥር ታነባለች። በሦስተኛው ክረምታችን ከምላሱ በላይ ባለው ዘንግ ዘንድ ብዙ መቆም ጀመረች። ምላስ የምንለው የግግሩን የታችኛውን ጫፍ ነው፤ ወንዙ የሚወጣው ከእርሱ ሥር ነው። ምን አለ ብዬ ብጠይቃት፣ ከላይ ቢለብስም ከሥር መቅለጡ አልቀረለትም፣ ውሃ ሆዱ ውስጥ እየተጠራቀመ ነው አለችኝ። ለበላዮቿ ጽፋለች። ምላሱን እስከ መስከረም ማንም እንዳይነካ አዝዛናለች።

ሰማኋት። መስማትስ ሰምቻለሁ።

ሐምሌ በገባ በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ጠዋት ላይ፣ አራት ሰዎች ከታች ወጡ። ዛርቦግ ከምትባል መንደር ናቸው፤ ከምላሱ ሥር ሦስት ሰዓት ያስኬዳል። አልጮኹም፣ ዱላም አልያዙም። ፊት ፊት የሚመራቸው ረዥም ሽማግሌ ነው፤ ከኋላው ባለቤቱ የዛፍ ቅርንጫፍ ይዛ ትከተለዋለች። እኛም እነርሱም ጆሯችን ላይ የሚሰካ አስተርጓሚ መሣሪያ ነበረን፤ የምታነቡት ንግግራቸው ሁሉ በእርሱ በኩል ያለፈ ነው። ሽማግሌው እዚህ ውሃ የሚያዝዘው ማን እንደሆነ ጠየቀ። ጥላዬ ብሩሹን አስቀምጦ፣ የሚያዝዝ የለም፣ የሚከለክል ነው ያለው አለውና ወደ እኔ ጠቆመ። «ከሥራው የወጣ የውሃ አባት ግን አንድ አለን።»

አስተርጓሚው ትንሽ ዘገየና በቋንቋቸው አንዲት ቃል ተናገረ። ሽማግሌው ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለልኝና «እኔም ሚራብ ነኝ» አለ።

ሚራብ ማለት የእነርሱ የውሃ አባት ነው ልጆቼ። ሺህ ተራራ ማዶ የእኔው ሥራ፣ የእኔው ጭቅጭቅ፣ የእኔው ዱላ አለ። ስሙ ዳውላት ነው፤ ባለቤቱ ጉልናሞ። ቡሉኮው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥንና እንደ ሁለት ነጋዴ ስለ ሙያችን ማውራት ጀመርን። እኔ ተራ የምለካው በበትር ጥላ ነው፤ እርሱ ሥሯ በተበሳ የመዳብ ጎድጓዳ ሳህን፤ ውሃ ላይ ያስቀምጣታል፣ ሞልታ ስትሰጥም ተራው አለቀ። እኔ ከግርጌ እንደምጀምር ስነግረው እጁን አወናጨፈ። እነርሱ ከራስጌ ነው የሚጀምሩት።

«ከግርጌ?» አለ። «አሃ፣ አገርህን ለቀህ የመጣኸው ለዚህ ነው።»

«አንተስ ከራስጌ ጀምረህ የት ደረስክ?» አልኩት።

ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወና ጉልናሞን አያት። ቅርንጫፉን ሰጠችኝ። የአፕሪኮት ነው፣ ፍሬው የእኛን ኮክ ይመስላል። በእጄ ሳጎብጠው አልጎበጠም፣ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ውስጡ ግን አሁንም ፀጉር የምታህል አረንጓዴ መስመር ነበረችው።

ከዚያ የመጡበትን ነገሩኝ። ወንዛቸው ሁልጊዜም በሐምሌ የሚሞላው ከዚህ በረዶ ነበር። ከለበሰ ወዲህ ግማሽ ሆነ። ድርጅቱ ከመንደሩ ጋር በገባው ውል መሠረት ጉድለቱን የፀደይ ዝናብና አመዳይ ይሞላዋል ተብሎ ነበር፤ ሁለቱም ሦስት ዓመት ሙሉ አልመጡም። አርባ ቤት የነበረው መንደር አሥራ አንድ ቀርቷል። የአፕሪኮት ዛፎቹን የተከሉት የአያቶቻቸው አባቶች ናቸው። አሥር ቀን ውስጥ ውሃ ካላገኙ ይሞታሉ፤ ዛፎቹ ከሞቱ አሥራ አንዱም ቤት ሜዳ ላይ ወዳለው ሰፈር ይወርዳል፤ የቧንቧ ተራና የድንኳን ቁጥር ይጠብቀዋል። ስልሳ ዓመት የሚቆይ ጎተራ ከቤታቸው በላይ አለ፤ እነርሱ ግን አሥር ቀን የላቸውም።

ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። በሕይወቴ ውሃ የለመነኝን ሰው ባዶ እጁን ስመልስ ያ የመጀመሪያዬ ነው። አገሬ ላይ እኮ የለኝም ነበር። እዚህ ግን ተራራ ሙሉ ተንተርሼ ነው የለም ያልኩት።

ከሰዓት ሶልያናን አነጋገርኳት። ምላሱ ላይ አንድ ቁራጭ ለሦስት ቀን እንክፈትላቸው፣ ከዚያ እንደፍናለን አልኳት። ጥያቄውን እንደምታስተላልፍ፣ መልሱ ግን ከአርባ ቀን በፊት እንደማይመጣ ነገረችኝ። አርባ ቀን ለሰው ተዝካር እንጂ ለዛፍ አይሆንም አልኳት። ፊቷ ቀላ።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ቦይ አይደለም» አለችኝ። «ሲከፍቱት ይከፈታል። ሲዘጉት አይዘጋም።»

ልጅ ናት አልኩ በሆዴ። ውሃ ስከፍትና ስዘጋ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እርሷ ውሃን የምታውቀው በቁጥር ነው። ደግሞ ባለጎተራ ሁልጊዜ እንዲህ ይላል፤ ጎተራው ከተከፈተ አይዘጋም ይላል። ንፉግነት መሰለኝ። ቃሏን ያዝኩና ትርጉሙን ጣልኩት።

በማግስቱ እርሷ ለሦስት ቀን ወደ ላይኞቹ ዘንጎች ስትወጣ ስምንታችን ምላሱ ላይ ተሰበሰብን። ጥላዬ ብንባረርስ አለ። ብንባረር አገራችን ነው የምንሄደው አልኩት። «አገራችን ውሃ የለማ» አለ፤ ግን ቀድሞ የጎነበሰው እርሱ ነው። የቡሉኮውን ስፌት ፈትተን ሁለት ጥማድ የሚያህል ቦታ ገፈፍን። በረዶው ብቻውን ቶሎ አልቀለጠም፤ ሦስት ቀን ደግሞ አጭር ነው። ያን ጊዜ ያቺ ፀጉር ትዝ አለችኝ።

እያንዳንዳችን ከቤት ያመጣነው ባና ነበረን። የመንዝ ባና ታውቃላችሁ፤ ከጥቁር በግ ፀጉር የተሠራ ብርድ ልብስ፣ ሚስት ለባሏ የምታስይዘው። የእኔን ባለቤቴ ነበረች የፈተለችው፤ ከሞተች አምስት ዓመቷ ነው። ስምንቱንም ባና ተረተርን። ፀጉሩን በእጃችን እያፍታታን፣ እንደተነደፈ ጥጥ አሳስተን፣ ገላጣው በረዶ ላይ በተንነው። ዘር የምንዘራ ነበር የምንመስለው። ስድስት ሰዓት ላይ በረዶው ላብ አወጣ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከምላሱ ሥር የሚወጣው ውሃ ድምፁ ተለወጠ። የውሃ አባት ድምፅ ያውቃል፤ ይህ ማሳ የሚደርስ ውሃ ነው አልኩ። ዓይኔ እንባ ሞላ፣ አልዋሻችሁም።

ሦስት ቀን እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ወደ ዛርቦግ ወረድኩ። ዳውላት ቦዩ አፍ ላይ ሳህኒቱን ይዞ ተቀምጧል፤ ሲያየኝ ተነሥቶ እጄን ያዘና ወደ ታች ወሰደኝ። የላይኞቹን ማሳዎች አልፈን ሄድን፤ መሬታቸው ደረቅ ነው። የመጨረሻው ማሳ ስንደርስ ዛፎቹ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ውሃ ውስጥ ቆመዋል። ከግርጌ ጀምሮ ነበር ያጠጣው። «ለእንግዳ ክብር ነው» አለኝ፤ «ከሚመጣው ዓመት ጀምሮ ወደ ልማዴ እመለሳለሁ።» ሴቶቹ ደረቅ ፍሬና ዳቦ አቀረቡ። አንድ ጎረምሳ የዳውላት ሳህን ስትሰጥም አይቶ፣ የግርጌው ተራ አለቀ ብሎ ጮኸ፤ ውሃውም ወደሚቀጥለው ማሳ ዞረ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የውሃ አባት ሆኜ አላውቅም።

ማታውኑ ተመልሼ በአራተኛው ቀን ጠዋት ልንደፍን ወጣን። የከፈትኩት ሦስት ቀን ብዬ ነው፤ ቃሌ ቃል ነው። ፀጉሩን ለቅመን ቡሉኮውን መመለስ ብቻ ነበር የቀረን። ግን የሚለቀም ፀጉር የለም። ሁሉም ሰምጧል። እያንዳንዱ ጭብጥ የራሱን ጉድጓድ ቆፍሮ ወርዷል፤ ክንዴን እስከ ብብቴ አስገብቼ ጫፉ አልደረስኩበትም። ሺህ ጉድጓድ ነው፤ በሺሁም ውስጥ ውሃ ወደ ታች ይሄዳል። ጥላዬ አንዱ ላይ ጆሮውን ደፍቶ ብዙ ቆየ። ሲነሣ አልቀለደም። ቡሉኮውን በላዩ መለስን፣ ሰፋነው። ከላይ ሲያዩት ምንም ያልተነካ ነው። የወንዙ ድምፅ ግን አልቀነሰም።

ያኔ ለሶልያና ነገርኳት። አላመናታሁም፣ ግን ዘገየሁ፤ መንገር የነበረብኝ ከአራት ቀን በፊት ነው። አንዲት ክፉ ቃል አልተናገረችኝም። ወደ ዘንጉ ሮጠች። ስትመለስ ሰዎቹ ከወንዙ ይራቁ አለችና መልእክት ላከች። ጥላዬንም ወደ መንደሩ አስሮጠችው፤ ከስምንታችን ሳንባው የሚበልጠው እርሱ ነበር።

መልእክቱ ደርሷል። ሰው ሁሉ ወደ ዳገቱ ወጣ፤ ሕፃናቱም በጎቹም ወጡ። ቀኑን ሙሉ እዚያው ቆዩ፤ አንዳች አልመጣም። በአምስተኛው ቀን ረፋድ ላይም አልመጣም። ዳውላት ግን ዳገቱ ላይ ሆኖ ቦዩን ሲያየው ውሃው ከተራው አልፎ ማሳ እየሰበረ ነበር። ተራው አልቋል፣ የቦዩ አፍ ደግሞ ክፍት ነው። ጥላዬ እጁን ይዞ ለመነው። ሚራብ ተራ ሲያልቅ ራሱ ይዘጋል፣ ማንንም አይልክም አለው። እኔም ብሆን ያንኑ እል ነበር። ዱላውን ይዞ ወረደ።

ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ የምላሱ ሆድ ፈነዳ። እኔ ከላይ ነበርኩ። ድምፁ ነጎድጓድ አይደለም፤ ትልቅ ጨርቅ የመቀደድ ድምፅ ነው። ቡሉኮው እንዳለ ተነሥቶ እንደ ሸራ ተወጠረ፤ ከሥሩ ውሃ፣ ጭቃና ቤት የሚያህል በረዶ ወጣ። ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ሸለቆው ተጠርጎ አየሁት። የቦዩ አፍ፣ አራት ቤት፣ የግርጌው ማሳ ከነዛፎቹ ሄዱ። ቀድመው የጠጡት ቀድመው ሄዱ። ዳውላትን ከሁለት ቀን በኋላ ሜዳው ዳር አገኙት፤ ነጭ የቡሉኮ ክር ተጠምጥሞበት።

በሳምንቱ መርማሪ መጣ፤ ጨዋ ሰው ነው፣ ሻይም ጋበዘን። አንድ በአንድ አስገብቶ ጠየቀን። እኔ ሁሉንም ነገርኩት፤ ስለ ስፌቱ፣ ስለ ስምንቱ ባና፣ ስለ ሦስቱ ቀን። አንድም ቃል አልጻፈም። የሚሞላው ቅጽ ላይ ያሉት ምክንያቶች አምስት ናቸው ብሎ አሳየኝ፤ ሙቀት፣ ዝናብ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ የድንጋይ ናዳ፣ ያልታወቀ። ባና የለበትም። ቡሉኮውን ሰው ከፈተው ተብሎ ከተጻፈ፣ ከቡሉኮው ሥር ያን ሁሉ ውሃ ማን አጠራቀመው ተብሎ ይጠየቃል፤ ይህ እንዳይጠየቅ መሆኑን የነገረኝ ማንም የለም፣ ራሴ ነኝ የገባኝ። ሙቀት የሚለው ላይ ምልክት አደረገ። ቅጣት የለም፣ ስንብት የለም። ነሐሴ ላይ አዲስ ቡሉኮ መጣ፤ ምላስ የሌለውን ግግር በልኩ አለበስነው።

ሶልያና መርማሪው በሄደ ዕለት ወጥ ቤት ውስጥ ብቻዋን ተቀምጣ አገኘኋት። ይቅር በይኝ ልል ነበር የገባሁት። ቀደመችኝ።

«ሦስት ጊዜ ጽፌያለሁ ጋሼ» አለች። «ውሃ አለ ብዬ። ወደ ላይ ነገርኩ። ወደ ታች አንድም ቀን አልነገርኩም። ሦስት ሰዓት መንገድ ነው እኮ።»

እኔ የታች ሰው ብቻ ነው ያየሁት፤ እርሷ የላይ ብቻ። መካከል ላይ ያ በረዶ ነበር፣ ማንም ያልጠየቀው።

ቅጽ ላይ ያልተጻፈ ነገር ሰው ላይ ይጻፋል። መብላት አቃተኝ። በአገራችን ደም ያለበት ሰው ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ፤ ድንጋይ ተሸክሞ ይሄዳል፣ ከባለደሙ እግር ሥር ወድቆ ማሩኝ ይላል፤ ካልማሩት ድንጋዩ ከትከሻው አይወርድም። እኔ ሽማግሌ የምልከው የለኝም። ዘመድ የለኝ፣ ቄስ የለኝ። ጥላዬ አብሬህ ልሂድ አለኝ፤ እምቢ አልኩት። ወንዙ ዳር ወርጄ የምችለውን ያህል ድንጋይ መረጥኩ፣ ባዶ ትከሻዬ ላይ አወጣሁት፣ ሦስቱን ሰዓት አራት አድርጌ ሄድኩ።

ስደርስ ሰዎቹ የቦዩ አፍ ላይ ናቸው። የተረፉት ማሳዎች አሁንም ውሃ ይፈልጋሉ፤ የተሰበረውን መጥለፊያ በእጃቸው እየካቡ ነበር። ጉልናሞ ጥቁር ለብሳ ጭቃ ውስጥ ቆማለች፤ የባሏ ዱላ አጠገቧ ተተክሏል። ሚራብ የሆነችው እርሷ ናት ማለት ነው። ሁሉም ሥራቸውን አቁመው አዩኝ። ፊቷ ተንበረከኩ።

አስተርጓሚው ጆሮዋ ላይ መሆኑን አየሁና ተናገርኩ። አለቃዬ ያለችኝን አልሰማሁም፣ በረዶውን እንደ ቦይ ቆጠርኩት፣ የከፈትኩት እኔ ነኝ፣ ባልሽን የገደልኩት እኔ ነኝ አልኩ። ቃሉ ደርሷት እስኪያልቅ ጠበቅኩ። ቀና ብዬ አላየኋትም፤ የማየው ጭቃ የያዘ ጫማዋን ነው።

«ለምነንህ ነው የከፈትከው» አለች። ማርኩህም አልማርኩህም አላለችኝም።

ጫማዋ ተጠጋ። ጎንበስ ብላ ድንጋዩን ከትከሻዬ አነሣችው። የይቅርታ ድንጋይ የሚባል ነገር እነርሱ ዘንድ የለም፤ ለእርሷ ድንጋይ ነው። ወደ ካቡ ወሰደችና ውሃው የሚያመልጥበት ክፍተት ውስጥ አስገባችው። በእግሯ ገፋችው፣ አዞረችው፣ እንደገና ገፋችው። ውሃው አሁንም በጎኑ ያልፋል።

ወደ እኔ ዞረች።

«ሌላ አምጣ» አለችኝ።